ከቢቸና ሆኜ የሞጣን ቢሮ ያየሁበት ሰሞን

ስለ ካሜራ ክፉ ክፉውን ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። በማስተምርበት ጊዜ፣ በግቢያችን ካሜራ ይተከል የሚል ሐሳብ በመምህራን ስብሰባ ላይ ሲቀርብ እጄን አውጥቼ፣ የሚጠበቅ ሰው የሚታየውን ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው ብዬ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩ። ተጨበጨበልኝ። ካሜራው ያልተተከለው ግን በጭብጨባው ሳይሆን በጀት ባለመኖሩ ነው። ያንን ንግግር እንደ ድል ስቆጥረው ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ቢቸና ቁጭ ብዬ፣ ሞጣ የሚሠሩ አንዲት ሴት ላይ ካሜራ አስተከልኩ።

ሞጣ ላይ ቢሮ አለኝ። ቢሮ ማለቴ ወደ ፍርድ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር ይዛ ሞልታለች። ማመልከቻ ይጻፍባታል፣ ውል ይተየብባታል፣ መታወቂያ ይባዛባታል። የቢቸናውን ተመሳሳይ ቢሮ እኔ እይዛለሁ። የሞጣውን የያዙልኝ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ጣታቸው በድሮው የጽሕፈት መኪና የሠለጠነ ስለሆነ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ሲመቱት ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የጻፉት ማመልከቻ ግን ተመላሽ ሲሆን አላየሁም።

በዚያ ሰሞን የክፍሏ አከራይ ደውሎ፣ ለሚመጣው ዓመት ትፈልጋታለህ ወይስ ለሌላ ላከራያት ሲል ጠየቀኝ። አንድ ሞባይል ሻጭ አይቶ ወዷታል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ልሰጥ ተስማማን። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሳላስብ እፈልጋታለሁ እል ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ቀን በፊት ከሞጣ የመጣ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሻይ እየጠጣን፣ «እትዬ ደከም ሳይሉ አይቀሩም፤ ሰው ይጠብቃል ይጠብቃልና ይሄዳል ይባላል» ብሎኝ ነበር። ይባላል የምትለዋን ቃል ሌላው ሰው ሲጠቀምባት እንዴት እንደምቃወማት የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ያን ቀን ግን ከሻዬ ጋር ዋጥኳት።

ክፍሏን ከመለስኳት እትዬ ሥራ አይኖራቸውም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት፣ ሌላ የሚቀጥራቸው ሰው ሞጣ ውስጥ አላውቅም። ቤት መዋል እንደማይሆንላቸውም ገና ሥራውን ሲጀምሩ ነግረውኛል። «ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር የጎረቤቶቼን ጠብ ማስታረቅ ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ጠብ ሲያልቅብኝ እኔው ማጣላት ልጀምር ስል እርስዎ መጡ» ነበር ያሉኝ።

ሄጄ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ሞጣ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን ቀን ይመርጣል። አንዳንድ ሳምንት መኪና ይወጣል፣ አንዳንድ ሳምንት አይወጣም፤ ሄደው መመለሻ ማጣትም አለ። ኔትወርኩም እንደ መንገዱ ነው፤ ሆኖም በዚያ ሰሞን ከመንገዱ የተሻለ ጸባይ ነበረው። ስለዚህ ቢቸና ገበያ አጠገብ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሆነው፣ ምላሱ ከመፍቻው የሰላ ሰው ነው።

«አራት ካሜራ» ብሎ ጀመረ። «መቅረጫ ሣጥን። ቴሌቪዥን። የቤት ኢንተርኔት በመስመር።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጄኔሬተር።»

«ነዳጅ ሲጠፋስ?»

ቀና ብሎ አየኝና «ርካሹን ነው የሚፈልጉት» አለ።

«ርካሹን አላልኩም።»

«ፊትዎ ብሏል። የተሰነጠቀ ስልክ የለዎትም?»

የተሰነጠቀ ስልክ የሌለው ሰው ማን አለ? ልጄ የጣለችውን፣ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር የሆነውን አመጣሁለት። አሠራሩን ሲነግረኝ ከጠላሁት ነገር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልግባባ ምንም አልቀረኝም። በሁለቱ ስልኮች ላይ አንድ ዓይነት ነፃ ፕሮግራም ይጫናል፤ አሮጌው ስልክ ሲም ካርድ ገብቶለት፣ የወር ጥቅል ተሞልቶለት፣ ቻርጀር እንደተሰካ ሞጣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እኔ ቢቸና ሆኜ አዲሱን ስከፍት እዚያ ያለውን አያለሁ። መብራት ቢጠፋ የስልኩ ባትሪ ግማሽ ቀን ይይዘዋል፤ ይህ ደግሞ ያ ሁሉ ሣጥንና ቴሌቪዥን የማይችለው ነው። ጥቅሉ ቶሎ እንዳያልቅ ድምፁን ዘጋልኝ፣ ሥዕሉን ዝቅተኛው ላይ አደረገው። መቅረጹንም ተውነው። «ከአንድ እስከ ስድስት ያለውን ቁጥር የይለፍ ቃል ካደረጉት ግን ሞጣን የሚያዩት ብቻዎን አይሆኑም» አለኝ። አስቤበት የነበረውን የይለፍ ቃል ቀየርኩ።

ለእትዬ ደወልኩላቸው። «ለደኅንነት ነው» አልኳቸው።

«ይሁን» አሉ። «የሚሰረቅ ነገር እንዳለን ግን አላውቅም ነበር።»

ጠጋኙ በዚያው ሳምንት ለራሱ ጉዳይ ሞጣ ሄዶ ስልኩን በእጁ ሰቀለው። «ከበሩ ትይዩ ነው፤ ጠረጴዛውንም አግዳሚውንም ያያል» ብሎ ደወለ። «ለእትዬም አስረድቻቸዋለሁ፤ ገብቷቸዋል።» የገባቸው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ የከፈትኩት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ክቡ ነገር ዞረ፣ ዞረ፤ ቆይቶ ሥዕሉ መጣ። ደብዘዝ ያለ ነው፤ በየጥቂት ሴኮንዱ ነው የሚቀየረው። እትዬ ከጠረጴዛው ኋላ ቆመዋል። አግዳሚው አጠገብ ሦስት ባለጉዳዮች ቆመዋል። ማንም አይጽፍም፣ ማንም አያጽፍም። ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። የእትዬ ከንፈር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። አንድ ደቂቃ ያህል አይቼ ዘጋሁት። ሰው እየሸኙ ይሆናል አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ከፈትኩ። ቆመዋል። ማክሰኞ ከፈትኩ፤ ቆመዋል። ረቡዕም ያው። ባለጉዳዩ ይቀያየራል፤ አንዴ አምስት ናቸው፣ አንዴ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ብቻ፤ መቆሙ ግን አይቀየርም። በሥዕሉ ጥግ አግዳሚው ባዶውን ይታየኛል። ኮምፒውተሩ በርቷል። አንድም ጊዜ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ሆኖ አላየሁም።

መላ ምት ማብዛት የቆየ በሽታዬ ነው። በመጀመሪያ ጉልበታቸው ብሶ መታጠፍ እምቢ ብሎ ይሆናል አልኩ። ታዲያ ባለጉዳዩ ሁሉ ጉልበቱን ያመዋል? ቀጥዬ፣ ካሜራውን ተቃውመው ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ይህኛው ሐሳብ ትንሽ አስደስቶኝ ነበር፣ በወጣትነቴ እኔም የማደርገው እሱን ነውና። በመጨረሻ የድሮ ባልደረባዬ ያላት ይባላል ተመልሳ መጣችና ሁሉንም አባረረቻቸው። ሴትዮዋ ደክመዋል፤ ሥራው ቆሟል፤ ሰውም ቆሞ ይጠብቃል።

ባለቤቴ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጥኩ ታየኛለች። አንድ ቀን በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አየችና «ምነው፣ ጸሎት ላይ ናቸው እንዴ?» አለች።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ናቸው።»

«ደውለህ አትጠይቃቸውም?»

«ምን ብዬ? ለምን ቆሙ ልበላቸው? እያየሁዎ ነው ማለት አይሆንም?»

«እና እያየሃቸው አይደለም?»

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ካሜራ ለማስተከል ያልያዘኝ ይሉኝታ፣ ስልክ ደውሎ ለመጠየቅ ያዘኝ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሌላው ሰው ሲያደርገው ብዙ ገጽ እጽፍበታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቁርጡን ለማወቅ ወሰንኩ። ጠዋት ሻይ ቤት ገብቼ ጥግ ያዝኩና ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ከፈትኩት። እስኪቀመጡ ድረስ አልዘጋም አልኩ። ቆመዋል። ሻይ አዘዝኩ። ቆመዋል። እትዬ አንድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፤ ክብደታቸውን ወደ ግራ እግራቸው አዞሩ። አንዱ ባለጉዳይ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰና እንደገና ቆመ። ሁለተኛ ሻይ ጠጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ጥቅሌ አለቀና ሥዕሉ ጠፋ። እኔም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም ብዬ ወጣሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሥራ ማቋረጫ ደብዳቤ ነው። ሦስት ጊዜ አረቀቅኩት። የአገልግሎታቸውን ዘመን አመሰገንኩ፣ ጤናቸውን አነሣሁ፣ ጥፋቱን ለአከራዩም ለዘመኑም አካፈልኩት። በዚያ ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ እንደሱ ጥርት ያለ ነገር አልነበረም፤ ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው። አርብ መኪና እንደሚወጣ ሲሰማ ደብዳቤውን በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አለፍን፤ ግንደወይን ላይ ሰው አወረድን። በየመውረጃው ኪሴን እዳስሰዋለሁ። በእጅ ልሰጣቸው ነው የምሄደው፤ በፖስታ መላክ ነውር ነው ብዬ። በእጅ መስጠትም እንዴት እንደሚሆን ግን አላሰብኩበትም።

ሞጣ ስደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ ቢሮዋ ስቃረብ ከመንገዱ ማዶ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ቆምኩ። ያ የእትዬ ጣት ነው። በሩ ክፍት ነበር። ሁለቱም አግዳሚዎች በተቀመጠ ሰው ሞልተዋል፤ እትዬ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ተቀምጠው ይተይባሉ። ሰው ሲቀመጥ ያላየሁ ይመስል አፈጠጥኩባቸው።

ቀና ሲሉ አዩኝ። «ኖር!» ብለው ተነሡ። አግዳሚው ሁሉ አብሮ ተነሣ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ይቀመጡ» አልኩ። ሁሉም ተቀመጠ።

«ምነው ሳይናገሩ?» አሉ እትዬ። «ይህችን የአባን ማመልከቻ ልጨርስና እመጣለሁ።» አባ ያሏቸው ጋቢ የለበሱ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ሽማግሌ ናቸው፤ የድንበር ጉዳይ ይዘው መጥተዋል። ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ማንነቴን አላወቁም፤ እንደነሱ ባለጉዳይ መስያቸዋለሁ። ተቀመጥኩና ሥራውን አየሁ። አንዱን ይጨርሳሉ፣ ያነቡለታል፣ ያርማሉ፣ ያትማሉ፣ ሌላው ይጠራል። ደከሙ የተባሉት ሴት ይህ ነው ሥራቸው። ታዲያ ያ ሁለት ሳምንት ያየሁት ምንድን ነው? ምናልባት ስልኩ የሚያሳየኝ የተሳሳተ ነገር ይሆናል ብዬ፣ ልፈትነው ስልኬን አወጣሁና ከፈትኩት።

ግድግዳው ላይ ያለው የተሰነጠቀ ስልክ ቦግ ብሎ በራ።

እትዬ የጀመሩትን ቃል መካከል ላይ ተዉት። በአንድ እጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ብድግ አሉና ወደ ግድግዳው «ኖር!» አሉ። አግዳሚው ተነሣ። ሽማግሌው በበትራቸው ተመርኩዘው ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። ሁሉን ስቃወም የኖርኩ ሰው ብሆንም፣ ሰው ሁሉ ሲነሣ ቁጭ ብዬ መቅረት ግን አልቻልኩም።

«ማን መጣ?» አልኩ፣ በሩን እያየሁ።

«እርስዎ ነዎታ» አሉ እትዬ፣ ግድግዳውን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

«እኔማ እዚህ ነኝ።»

«እሱንማ አይቻለሁ። በዚያም በኩል ገብተዋል።»

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ አፍጥጠው የተባባልነውን ልብ አላሉትም፤ መቆሙ ግን አልጣማቸውም። «እዚያ ውስጥ ያለው የቤቱ ባለቤት ነው አሉ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መምህር ነው ይላሉ። ኖር ሲሉት በእግዜር የማይል መምህር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩ።

«ባለፈውም ስመጣ እንዲሁ አቁሞን አቁሞን፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ጠፋ። ማን ይሆን ያሳደገው?»

«እናቱ ቢሰሙ ያፍሩበታል።»

«በሕይወት አሉ?»

«የሉም።»

«እግዜር ሲወዳቸው ነው።»

በዚህ ጊዜ ሥዕሉ እጄ ላይ ደረሰ። ደብዘዝ ባለው መስኮት ውስጥ ክፍል ሙሉ ሰው ቆሟል፤ ከመካከላቸው አንዱ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ያ እኔ ነኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። የግድግዳው ስልክ እኔ ስከፍተው ወዲያው ይበራል፤ ሥዕሉ በዚህ ቀርፋፋ ኢንተርኔት ቢቸና እስኪደርስ እነሱ ተነሥተው ጨርሰዋል። ለዚህ ነው ተቀምጠው ያላየኋቸው። ከዚያም በእግዜር የሚል ድምፅ ይጠብቃሉ፤ ድምፁን ደግሞ ጥቅል እንዳይበላ ዘግቼዋለሁ። እኔ እስኪቀመጡ እጠብቃለሁ፤ እነሱ እስክሄድ ይጠብቃሉ።

«አሁን ምን እየጠበቅን ነው?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«እስኪሄዱ ነዋ» አሉ እትዬ።

ስልኬን ዘጋሁት። ግድግዳው ጠቆረ። ሁሉም ተቀመጠ፤ እትዬም ቃላቸውን ከተዉበት ቀጠሉ።

«ይኸውልህ» አሉ ሽማግሌው። «ሄደ።»

ቀትር ላይ ባለጉዳዩ ሲያልቅ ከእትዬ ጋር ብቻችንን ቀረን። ስልክ ጠጋኙ ምን ብሎ እንዳስረዳቸው ጠየቅኳቸው። «ሲበራ መምህር ገቡ ማለት ነው፣ ሲጠፋ ወጡ ማለት ነው አለኝ። ከዚህ ሌላ ምን ማለት ነበረበት?»

«ማየቴ ነው እንጂ መግባቴ አይደለም።»

«እያዩኝ ቁጭ ብዬ ልጠብቅዎት?» እንደ ነውረኛ አዩኝ። «ባለጉዳዩንም አስረድቼዋለሁ። መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ ይለምዳል።»

«ለምን አልደወሉልኝም ታዲያ? ቆመን ቀረን አይሉኝም ነበር?»

«የቤቱን ባለቤት አይምጡብኝ ልበልዎት?» ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። «ማክሰኞ ዕለት ብቻ ትንሽ ቆዩብን። ጉልበቴ ስድብ ሊጀምር ምንም አልቀረው።»

ሁለት ሻይ የጠጣሁበት ማክሰኞ። ደብዳቤው ደረቴ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ኮቱን ቀዶ የሚወጣ መሰለኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ለማክሰኞው ብቻ መሰላቸው፤ ምንም አይደል አሉኝ።

የሚጠበቅ ሰው ሳይነገረው ራሱን ይጠብቃል የሚለውን ሐሳብ በየመጽሐፉ አንብቤዋለሁ፤ በዚያ የመምህራን ስብሰባ ላይም የተናገርኩት ከሱ ተነሥቼ ነበር። ሐሳቡን በእስር ቤት ምሳሌ ያመነጩት ሰዎች ጠባቂው ብቅ ባለ ቁጥር ኖር ብሎ የሚነሣ እስረኛ የገጠማቸው አይመስለኝም። እትዬ ለሁለት ሳምንት በዓይኔ ሥር ውለው አንድም ጊዜ የተሰለሉ አልመሰላቸውም። እንግዳ እየመጣባቸው፣ ወግ የማያውቅ እንግዳ፣ እየተነሡ ሲቀበሉት ነው የከረሙት። እኔ በበኩሌ የሚሠሩበትን ጊዜ እያስቆምኩ፣ ሥራ ቆሟል ብዬ ፈረድኩባቸው።

ከቢሮዋ ወጥቼ አከራዩን ሱቁ ደጃፍ አገኘሁትና ክፍሏን እፈልጋታለሁ አልኩት። «አስበህበታል?» አለኝ። በጣም አስቤበት እንደነበር፣ ማሰቡም ብዙ እንዳልጠቀመኝ ነገርኩት። አልገባውም፤ ተጨባበጥን። ከዚያ በኋላ ነው እፎይታው የመጣው፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ቀን ብቻ ቀደም ብዬ በፖስታ ልኬው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሳስብ ላቤ መጣ፤ አልላክሁትም እያልኩ ደግሞ ብቻዬን ሳቅኩ። የሚያልፉ ሰዎች ሰላምታ እየሰጡኝ አለፉ።

ስመለስ መኪናው ውስጥ ደብዳቤውን አወጣሁና አነበብኩት። አሁንም ጥርት ያለ ነው። አንዱም ዓረፍተ ነገር እውነት አልነበረውም። ግንደወይን ሳንደርስ ቀዳደድኩትና ብጥስጣሹን መልሼ ኪሴ ከተትኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሏት «አይዞህ» አለችኝ።

ካሜራውን ላወርደው አስቤ ነበር፤ እትዬ እምቢ አሉ። ባለጉዳዩ ለምዶታል አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ ድምፁን አስከፈትኩ። «ጥቅልዎን ይበላዋል» አለ። ይብላው አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ከፈትኩት፤ ሥዕሉን ሳልጠብቅ «በእግዜር፣ ይቀመጡ!» አልኩ። ክቡ ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ መጣ። አግዳሚው ላይ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። እትዬም መቀመጫቸው ላይ ናቸው፤ ቀኝ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከቢቸና ሆኜ ተቀምጠው ያየኋቸው።

«እንዴት አደሩ መምህር» አሉ፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ደረሰኝ። «ምን ጉዳይ ይዘው መጡ?»

ለባለጉዳይ ሁሉ የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። አሰብኩ። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

«ልጠይቅዎት ብዬ ነው» አልኩ።

«ደህና ነን። እንግዲያው ሥራ ላይ ነን፤ ደህና ይዋሉ» አሉና ወደ ቁልፋቸው ዞሩ። ቀጭ ቀጩን ትንሽ ሰማሁና «ደህና ዋሉ» ብዬ ወጣሁ።